እናቴን ባጣሁበት ዓመት የተዋስኳቸው መጻሕፍት

እናቴ ጎንደር ላይ ያረፈችው በኅዳር ወር ነው። እኔ ያኔም አሁንም የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ ስላላለቀ ከአሜሪካ መውጣት አልችልም ነበር። ስትታመም አላስታመምኳትም። አፈር ስትለብስም አልነበርኩም። መርዶውን ያረዱኝ እዚህ ያሉ ዘመዶቼና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ እንደ ወጉ በማለዳ ተሰብስበው መጡ። ሦስት ቀን ቤቴ በሰው ተሞላ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። አልፈርድባቸውም፤ እዚህ አገር የቤት ኪራይ ለቅሶ አያውቅም። እኔም በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። የማታ ፈረቃ ነኝ። አንዲት አረጋዊት ሴትዮ ቤት እያደርኩ እንከባከባቸዋለሁ።

የምጽፍላችሁ ከዚያ በኋላ ስላለፈው አንድ ዓመት ነው። ከሰው ሁሉ ሸሽቼ የገባሁት ሰፈሬ ካለው ላይብረሪ ነበር። የእጅ ሥራ መጽሐፍ፣ የምግብ መጽሐፍ፣ ልብ ወለድ እየተዋስኩ ነው ያንን የብርድ ወራት ያለፍኩት። አንዳንዶቹ በእውነት ረዱኝ። አንዳንዶቹን ግን በዚያ ሰዓት ባልነካቸው ይሻለኝ ነበር። እንደ እኔ ከአገር ርቃችሁ ሰው የሞተባችሁ ካላችሁ፣ የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ለማንበብ አልነበረም። ከሥራ ወጥቼ ባዶ ቤት መግባት አስጠልቶኝ ነው። ላይብረሪ ውስጥ ሙቀት አለ፣ ወንበር አለ፣ ግዢ የሚል ሰው የለም። ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ማንም ምን ሆንሽ አይልሽም። ለሦስት ቀን እንዲሁ ተቀምጬ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን መታወቂያዬንና አድራሻዬ ያለበትን ደብዳቤ አሳይቼ ካርድ አወጣሁ። ስለ ወረቀቴ የጠየቀኝ የለም፣ የከፈልኩትም የለም። ይህን የምናገረው፣ ወረቀት ስለሌለኝ አይሰጡኝም ብለው ለዓመታት ደጁን ሳይረግጡ የኖሩ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ የዚያኑ ዕለት ነው። አሥራ አራት መጽሐፍ ተሸክሜ ወጣሁ። ሐዘንን ስለማለፍ የሚመክሩ ሁለት፣ ሹራብ አሠራር አራት፣ የምግብ አምስት፣ የቀሩት ወፋፍራም ልብ ወለዶች። አልጋዬ አጠገብ ደረደርኳቸው። ሐዘን ላይ ላለ ሰው አሥራ አራት መጽሐፍ ማለት አሥራ አራት ያልተሠራ ሥራ ማለት ነው። ከእንቅልፌ ስነቃ እነሱን ሳይ ይበልጥ ይደክመኝ ነበር። አንዱንም ሳልጨርስ የመመለሻው ቀን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ሦስት ነው፦ አንድ ለእጄ፣ አንድ ለሆዴ፣ አንድ ለልቤ። አንዱ ሲመለስ ሌላ ይገባል። ምክር የሚሰጡትን መጻሕፍት ያን ጊዜ አልቻልኳቸውም። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ አንዱን መልሼ ተዋስኩትና ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፉ ያው ነው፤ ጊዜው ነበር ያልደረሰው።

ከእጅ ሥራው ልጀምር፣ እኔን ያነሣኝ እሱ ስለሆነ።

እናቴ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የቡና ረከቦቱ ሳይቀር የእሷን ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነበር። ልጅ ሆኜ ሰንሰለቱን አስተምራኛለች፤ ከዚያ በላይ ግን ትዕግሥት አልነበረኝም። ከሞተች በኋላ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። ኪሮሽ ልያዝ አልኩ። በእኛ ላይብረሪ የእጅ ሥራ መጻሕፍት 745 ላይ ይጀምሩና የክር ሥራው 746 ላይ ነው። ቁጥሩ በብዙ ላይብረሪ አንድ ስለሆነ በቃላችሁ ያዙት። እንግሊዝኛችሁ ባይጠነክርም ማንንም ሳትጠይቁ መደርደሪያው ጋ ትደርሳላችሁ።

እዚያ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ሽፋኑ በጣም ያማረውን ሳብኩ። ረጅም ቆንጆ ሴት የሚያምር ሹራብ ለብሳ ባሕር ዳር ቆማለች። አሁን ሳስበው እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለማየት እንጂ ለመማር አይሆኑም። ፎቶው የሚያሳየው የተጠናቀቀውን ልብስ ነው፤ እጁ የት ጋ እንደሚገባ፣ ክሩ በየት በኩል እንደሚዞር ግን አያሳይም። ጀማሪ የሚፈልገው የእጅ ፎቶ ነው። አንድ የእጅ ሥራ መጽሐፍ ስታነሡ መሀሉን ግለጡና በአንድ ገጽ ስንት እጅ እንዳለ እዩ። እጅ ከሌለበት መልሱት። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ራሱን የሚዘጋውንም መልሱት። ሁለት እጃችሁ ክር ይዞ መጽሐፉን ማን ይይዝላችኋል?

ሁለተኛው መጽሐፌ የእጅ ፎቶ ሞልቶት ነበር፣ ግን ሌላ ነገር አሳሳተኝ። ለሁለት ሳምንት አንድ ትንሽ ክብ ጨርቅ ሠርቼ ተረተርኩ፣ ሠርቼ ተረተርኩ። ልክ እንደተጻፈው እየሠራሁ ከፎቶው ጋር አይገናኝም። አንድ ሌሊት ሴትዮዋ ተኝተው እኔ ወጥ ቤታቸው ተቀምጬ፣ ይህንንም አልቻልኩም ብዬ አለቀስኩ። ለካ መጽሐፉ እንግሊዝ አገር የታተመ ነው። አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን አጭሩን የኪሮሽ ሥራ እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» ይሉታል። አሜሪካኖች «ደብል» የሚሉትን ደግሞ እነሱ «ትሬብል» ይሉታል። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሌላ። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አጽርኦተ ቃላቱ የተዘረዘረበትን ገጽ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። «ሲንግል» የሚል ቃል ካገኛችሁ መጽሐፉ አሜሪካዊ ነው፤ በእንግሊዞቹ አጠራር ሲንግል የሚባል ነገር የለም። ይህን አንድ ነገር የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ሁለት ሳምንት እተርፍ ነበር።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሥዕላዊ ንድፍ ያለው መጽሐፍ ነው። የጃፓን የኪሮሽ መጻሕፍት በዚህ የታወቁ ናቸው። ሞላላ ክብ ሰንሰለት ነው። የመደመር ወይም የማባዛት ምልክት የምትመስለው አጭሯ ሥራ፣ የአሜሪካኖቹ «ሲንግል» ናት። «ቲ» የምትመስል አንገቷ ላይ አንድ ጭረት ካለባት ረጅሟ፣ የአሜሪካኖቹ «ደብል» ናት። ቋንቋ የለውም። ጃፓንኛ ቃል ሳላውቅ ከአንድ የጃፓን መጽሐፍ ላይ ስድስት ዓይነት ጠርዝ ሠርቻለሁ። አንዱን ንድፍ ሳየው ደነገጥኩ። የእናቴ የሬዲዮ ልብስ ጠርዝ ነው። ቁርጥ እሱን። እሷ ከጎረቤት እያየች የተማረችው ነገር ከሌላ የዓለም ጫፍ በመጣ መጽሐፍ ላይ ተሥሎ አገኘሁት።

መጽሐፉ ላይ በእስክርቢቶ አትቁጠሩ፣ የሰው ነው። የምትሠሩበትን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጉና ኮፒው ላይ እያንዳንዱን ዙር በእርሳስ ሰርዙ። ሌላው ደግሞ የመሣሪያው መጠን ነው። አሜሪካኖች ኪሮሹን በፊደል ይጠሩታል፣ ሌላው ዓለም በሚሊ ሜትር። ለጀማሪ 5 ሚሊ ሜትር፣ አሜሪካኖች «ኤች» የሚሉት፣ ከወፈር ያለና ነጣ ያለ ክር ጋር ይመከራል። በጥቁር ክር አትጀምሩ። በሌሊት ፈረቃ መብራት ጥቁር ክር ውስጥ ቀዳዳው አይታይም። ያንን እኔ ሞክሬዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ላይብረሪው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሹራብና ኪሮሽ፣ ለሁሉም ክፍት። ለሦስት ሳምንት አይቼው አለፍኩ። ሰው ፊት መቀመጥ አልፈለግኩም። በአራተኛው ሳምንት ክሬ ተወሳስቦብኝ፣ ለዚያ ብቻ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጥግ ይዘው ይሠራሉ። አየሁዋቸው፣ አዩኝ። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉኝ በአማርኛ። ክሬን ተቀብለው ዝም ብለው መፍታት ጀመሩ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«እናቴ።»

«በሕይወት አሉ?»

«በኅዳር አረፈች።»

እጃቸውን አላቆሙም። «ነፍስ ይማር» አሉ። ቆየት ብለው «ሄደሽ ቀበርሻት?» አሉኝ።

«አልሄድኩም፣ እማማ። ወረቀት የለኝም።»

«እንግዲያው እርምሽን አላወጣሽም» አሉ። «ይኸውልሽ፣ ዛሬ እኔ እሰማሻለሁ። ስለ እሷ ንገሪኝ።»

ያን ቀን እስኪዘጋ ድረስ አወራኋቸው። ስለ ዳንቴሏ፣ ስለ ዳቦዋ፣ ስልክ ስደውል ሁልጊዜ መጀመሪያ «በላሽ ወይ?» እንደምትለኝ። አለቀስኩ። ሌሎቹ ቋንቋውን ባይሰሙም አንዷ ዝም ብላ የመሀረብ ካርቶን ወደ እኔ ገፋችው። ከለቅሶው ቀን በኋላ ድምፅ አውጥቼ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤቴ ስገባ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

እባካችሁ ሦስት ሳምንት አትቆዩ። በሩ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ካያችሁ የመጀመሪያውን ረቡዕ ግቡ። ማውራት አይጠበቅባችሁም። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ዝምታ አያሳፍርም።

ቀጥሎ የምግብ መጻሕፍት። ቁጥራቸው 641.5 ነው። በአንድ ላይብረሪ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው መደርደሪያ ይህ ይመስለኛል፤ ከሁሉ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። እኔ በዚያ ሰሞን ሻይና ብስኩት ነበር ምግቤ። ለአንድ ሰው ምጣድ መጣድ ትርጉም አጣብኝ። የታዋቂ ሼፎችን መጻሕፍት ተዋስኩ። ፎቷቸውን እወዳለሁ፣ ምግባቸውን ግን አንድ ቀን አልሠራሁም። አንድ ወጥ ለመሥራት ሃያ ሁለት ዓይነት ነገር ግዢ የሚል መጽሐፍ ለደከመው ሰው አይሆንም። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ አምስት የምግብ አሠራር ገልጬ አያለሁ። ከአምስቱ ሦስቱን ቤቴ ባለው ነገርና በአንድ ሱቅ ጉዞ መሥራት ከቻልኩ እወስደዋለሁ። ካልቻልኩ ቆሜ ፎቶውን አይቼ እመልሰዋለሁ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ምግብ የሚያስተምሩ መጻሕፍትም አሉ። ሰው ትቷቸው የሚያልፋቸው ቀጫጭን መጻሕፍት ናቸው። ከሁሉ በላይ ያበሉኝ እነሱ ናቸው። አንድ እንቁላል፣ አንድ ድንች፣ አንድ ድስት።

እዚህም ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። ትልቁ «ቲ» የሾርባ ማንኪያ፣ ትንሿ «ቲ» የሻይ ማንኪያ መሆኗን ሳላውቅ ቤኪንግ ሶዳ ሦስት እጥፍ ጨምሬ ኬኩ ሳሙና ሳሙና አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው። ሌላ ጊዜ የእንግሊዝ መጽሐፍ 180 ሲል ምድጃዬን 180 ላይ አድርጌ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። መጽሐፉ የሚለው ሴልሺየስ ነው፣ የአሜሪካ ምድጃ ደግሞ ፋራናይት። 180 ሴልሺየስ በፋራናይት 350 ገደማ ነው። ሊጡ እንደ ነጣ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ቅመም ላይም እንዲሁ። «ኩሚን» ሲል ነጭ አዝሙድ መሰለኝ። ኩሚን ከሙን ነው። ነጭ አዝሙድ ሕንዶች ሱቅ «አጅዋይን» ብለው የሚሸጡት ነው። ኮረሪማም የሕንዶቹ ሄል አይደለም፣ ዘመዱ ነው እንጂ። ስለ እኛ ምግብ በእንግሊዝኛ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ እነዚህ ስሞች ይምታታሉ። ስሙን አትመኑ፣ አሽትቱት።

የእናቴ ድፎ ዳቦ ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም። እሷ መዝና አታውቅም። «ሊጡ ራሱ ይነግርሻል» ነበር የምትለው። እዚህ ስሞክረው ወይ ይደርቃል፣ ወይ ይሟሽሻል። ያዳነኝ የምግብ አሠራር ብቻ የሚደረድር ሳይሆን ዳቦ ለምን እንደሚነሣ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ውሃ በ93 ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፣ እዚህ 100 ላይ ነው። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሊጥ ቶሎ ይነሣል፣ እርጥበቱም ቶሎ ይጠፋል። እናቴ በእጇ የምታውቀው ጊዜና የውሃ መጠን ለዚያ ከፍታ የተሠራ ነበር። እኔ ያንኑ ይዤ ወደ ቆላ ወርጄ ነበር። ይህን ስረዳ፣ ዳቦዋን አበላሸሁባት የሚለው ጸጸት ቀለለኝ።

ከዚያ ሚዛን ገዛሁ። ለ1 ኪሎ ዱቄት 650 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ። ጥቁር አዝሙድ እንደ ልብ። በምሽት አቡክቼ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ከሥራ ስመለስ አውጥቼ እንደገና እስኪነሣ እጠብቃለሁ። ኮባ የለም፤ የእስያ ዕቃ መሸጫዎች ግን የሙዝ ቅጠል በረዶ አድርገው ይሸጣሉ። ቅጠሉን እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ ካሳለፋችሁት ይለሰልሳል፣ አይቀደድም። መሀሉ 95 ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ በስሏል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆናችሁ የፈረንጅ የኬክ መጽሐፍ የምትጠቀሙ ደግሞ የእኔን ግልባጭ አስቡ። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሱ፣ ፈሳሹን ጨመር አድርጉ፣ ምድጃውን ትንሽ አሙቁት። ኬኩ ተነሥቶ መሀሉ የሚሰምጠው ብዙ ጊዜ የእናንተ ጥፋት ሆኖ አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው።

ልብ ወለድን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለኝ። ወዳጆቼ «ጥሩ ሥነ ጽሑፍ አንብቢ» ብለው ሽልማት ያገኙ መጻሕፍት ጠቆሙኝ። በመጀመሪያው ወር አንድ እናትና ልጅ ስለተለያዩበት የረጅም ዘመን ታሪክ የሚያወራ ትልቅ ልብ ወለድ ጀመርኩ። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ አልክድም። ግን እናትየዋ ስትሞት መጽሐፉን ጥዬ ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሣሁም። ከማንበቤ በፊት ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ላይብረሪ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ይችሉበታል። «እናት የማትሞትበት ልብ ወለድ እፈልጋለሁ» ስላት ሠራተኛዋ ፊቷን ሳትቀይር ተነሥታ አራት መጽሐፍ አመጣችልኝ። እንዲህ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አያፍሩባችሁም።

ካመጣችልኝ ውስጥ ሦስቱ የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ነበሩ። እነዚህን መጻሕፍት ሰው እንደ ተራ ነገር ያያቸዋል። እኔ አልስማማም። የተሰበረ ልብ ሃያ ገጸ ባሕርይና አራት ትውልድ መያዝ አይችልም። የምርመራ ታሪክ የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ ማን አደረገው? ምዕራፉ አጭር ነው። በመጨረሻው ገጽ መልሱ ይመጣል። ምንም መልስ ባላገኘሁበት ዓመት፣ መልስ ያለው ነገር ማንበብ አሳረፈኝ። አጫጭር ልብ ወለዶችም እንዲሁ ናቸው፤ በአውቶቡስ ጉዞ አንዱ ያልቃል። ዓይኔ በሌሊት ሥራ ስለሚደክም ደግሞ በትልልቅ ፊደል የታተሙትን እወስዳለሁ። ለሽማግሌ ብቻ ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው።

መጽሐፍ መተው ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ልብ ወለድ የምንከራየው በሳንቲም ስለነበር፣ የተከፈለበት ነገር ሳያልቅ አይመለስም። ናንሲ ፐርል የምትባል የሲያትል የላይብረሪ ባለሙያ ያወጣችው ልማድ አለ። ሃምሳ ገጽ ሞክሩት፤ ካልያዛችሁ ተዉት። ዕድሜያችሁ ከሃምሳ ካለፈ ደግሞ ዕድሜያችሁን ከመቶ ቀንሱና የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ሞክሩ። እኔ በዚያ ዓመት ሃያ ገጽም አልሰጠኋቸውም። የተዋሳችሁት መጽሐፍ ትልቁ ጥቅሙ መመለስ መቻሉ ነው። ያልከፈላችሁበት ነገር አያስራችሁም።

በማልተኛባቸው ቀናት ደግሞ ትረካ አዳምጥ ነበር። ይህም ከእናቴ የመጣ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያወቅኩት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው፣ የሬዲዮው ትረካ ካሴት ተቀድቶ ቤታችን ነበር። እናቴ ዳንቴሏን ይዛ ታዳምጥ ነበር፣ እኔ እግሯ ሥር። አሁን ያንኑ ትረካ ስልኬ ላይ ከፍቼ ኪሮሽ እሠራለሁ። የላይብረሪው ካርድ ካላችሁ «ሊቢ» በሚባለው አፕ የሚደመጡ መጻሕፍት በነፃ ትዋሳላችሁ። እንግሊዝኛ እየተማራችሁ ከሆነ የታተመውንና የሚደመጠውን አንድ ላይ ተዋሱና እያያችሁ አዳምጡ። ንግግሬ የተሻሻለው በዚያ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በመጋቢት አንድ የምግብ መጽሐፍ ላይ ቡና ደፋሁበት። ገጾቹ ተጣበቁ። ምን ይሉኛል ብዬ አፍሬ አምስት ሳምንት ወደ ላይብረሪው አልሄድኩም። ረቡዕም ቀረ፣ እማማም ቀሩ። እንቅልፌ እንደገና ጠፋ። በኋላ እማማ ደውለው «ለአንድ መጽሐፍ ብለሽ እኛን ትተዪናለሽ?» አሉኝና አብረውኝ ሄዱ። የመጽሐፉን ዋጋ ከፈልኩ፣ አለቀ። ማንም አልተቆጣኝም። መጽሐፍ ከተበላሸባችሁ በዚያው ቀን ሂዱና ተናገሩ። የዘገየባችሁም እንደሆነ አትፍሩ። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኒውዮርክ በ2021 የመዘግየት ቅጣትን አንሥተዋል፤ ብዙ ሌሎች ከተሞችም እንዲሁ። ቅጣት ፈርቶ ከመቅረት ዘግይቶ መመለስ ይሻላል።

በእነዚያ አምስት ሳምንታት ሌላም ነገር ተማርኩ። መጽሐፍና ክር ብቻቸውን አልበቁኝም። መኖር ትርጉም የለውም የሚል ሐሳብ ሲመላለስብኝ ለእማማ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ናቸው ሐኪም ጋ የወሰዱኝ። አሜሪካ ያላችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣባችሁ በማንኛውም ሰዓት 988 ላይ መደወል ትችላላችሁ። ጸበሉንም ጸሎቱንም ሳታቋርጡ ሐኪሙንም እዩ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ። ተማሪ ብቻ የሚገባበት አይደለም። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ግቡ፣ አንድ ንድፍ ወይም አንድ የምግብ አሠራር ገልብጣችሁ ውጡ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሆናችሁ መውጣት የማትችሉ እህቶቼ ደግሞ ትረካና አንድ ኪሮሽ ትራስ ሥር ይገባሉ። ስለ እናንተ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በኅዳር የእናቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ጎንደር እህቴ ዘከረች። እኔ እዚህ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ረቡዕ አብረውኝ የሚሠሩትን ሁሉ ጠራኋቸው፤ መሀረቡን የገፋችልኝም መጣች። ዳቦውን ያለበስኩት ያን የጃፓን ንድፍ እያየሁ በሠራሁት ነጭ ዳንቴል ነው። እማማ ባርከው ከመቁረሳቸው በፊት ዳንቴሉን አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት። በጣታቸው ጠርዙን ተከትለው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ሦስተኛዋ ዙር ላልታለች» አሉኝ።

«እተረትራትና እንደገና እሠራታለሁ፣ እማማ።»

«ተያት» አሉ። «ረቡዕ አዲስ እንጀምራለን። ትልቁን።»